ጋራዥ ውስጥ 240 ቮልት ማስገባት፦ የትኛው አማራጭ፣ በስንት ዶላር?

ለአንድ ጋራዥ ሁለት ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አንዱ 600፣ ሌላው 5,000 ዶላር ቢላችሁ አትደንግጡ። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። አንደኛው ከፓነሉ፣ ማለትም ብሬከሮቹ ካሉበት ሣጥን፣ አጠገብ አንድ ሶኬት ሊተክል አስቧል። ሌላው የቤቱን ዋና ፓነል ሊቀይር ነው። እናንተ ግን ለሁለቱም ያላችሁት አንድ ነገር ነው፤ «ጋራዤ ውስጥ 240 ቮልት እፈልጋለሁ»።

ይህ ጽሑፍ አሜሪካ ውስጥ ቤት ገዝቶ ጋራዡን ወርክሾፕ ለማድረግ ላሰበ ሰው ነው። መኪና የሚጠግን፣ እንጨት የሚሠራ፣ ብየዳ የሚሞክር፣ ወይም ለኤሌክትሪክ ታክሲው ቻርጀር የሚፈልግ ይሆናል። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው። በየትኛው መንገድ ላስገባ? ምን ያህልስ ላውጣ?

አንድ ነገር በቅድሚያ። አገር ቤት ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ሁሉ 220 ቮልት ነው። እዚህ ተራው ሶኬት 120 ስለሆነ ብዙ ሰው 240 ቮልት ከውጭ የሚመጣ ልዩ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። ከመንገድ ወደ ቤታችሁ የሚገቡት ሁለት ትኩስ ሽቦዎች እያንዳንዳቸው 120 ይይዛሉ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ 240 አለ። የልብስ ማድረቂያው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው፣ ማቀዝቀዣው ኤሲ በእሱ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ 240 ቮልቱን አትገዙም፤ ቤታችሁ ውስጥ አለ። የምትከፍሉት ወደ ጋራዡ ለሚወስደው ሽቦ፣ ለብሬከሩና ለሠራተኛው ጉልበት ነው።

እግረ መንገዴን፦ «በ240 ሲሠራ የመብራት ሂሳብ ይቀንሳል» የሚባለውን አትመኑ። ቆጣሪው የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ120 ቮልት 15 አምፔር የሚስብ ሞተር ወደ 240 ሲቀየር 7.5 አምፔር ይስባል። ግማሽ አምፔር፣ እጥፍ ቮልት፣ ያው ሂሳብ። ጥቅሙ ሌላ ነው። ሽቦው አይጨነቅም፣ ሞተሩ ሲነሳ መብራቱ አይደበዝዝም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በ120 ጨርሶ የማይነሱ ማሽኖች ይሠራሉ።

ዋጋ ከመጠየቅ በፊት የሚታዩ ነገሮች

መጀመሪያ የማሽኑን ጀርባ እዩ። ሞተሩ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ ቮልቱንና አምፔሩን ትናገራለች። ተራ የጋራዥ ሶኬት 120 ቮልት በ15 ወይም በ20 አምፔር ነው። ይህም 1,800 ወይም 2,400 ዋት ይሆናል። ከዚያ በላይ የሚበላ ማሽን 240 ይጠይቃል። ለግምት ያህል፣ ባለ 3 ፈረስ ጉልበት የጠረጴዛ መጋዝ ባለ 20 አምፔር መስመር ይበቃዋል። ትልቁ ባለ 60 ጋሎን ኮምፕሬሰር እና ባለ ሁለት እግሩ የመኪና ሊፍት ብዙ ጊዜ 30 አምፔር ይፈልጋሉ። ጠንከር ያለ የብየዳ ማሽን በ50 አምፔር ሶኬት ላይ ነው የሚሰካው። ባለ 5,000 ዋት የጋራዥ ማሞቂያም 30 ይጠይቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰው የሚረሳው ነው። በአንድ ጊዜ የሚሠራው የትኛው ነው? ብቻውን የሚሠራ ሰው ሁለት እጅ ነው ያለው። እየበየደ እንጨት አይሰነጥቅም። ግን ኮምፕሬሰሩ ሳይጠየቅ በራሱ ይነሳል፣ የሰጋቱራ መምጠጫው ከመጋዙ ጋር አብሮ ይሠራል፣ ማሞቂያው ክረምት ሙሉ አይጠፋም። እነዚህ ሦስቱ ናቸው ሂሳቡን የሚያበላሹት።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ፓነሉ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ከሆነ እድለኛ ናችሁ። ቤዝመንት ውስጥ በሌላኛው የቤቱ ጫፍ ከሆነ ግን ሽቦው በተጠናቀቀ ኮርኒስ ውስጥ ማለፍ አለበት። ድራይዎል ይቀደዳል፣ የሠራተኛው ሰዓት ይረዝማል። ከቤቱ ተነጥሎ የቆመ ጋራዥ ከሆነ ደግሞ መሬት ይቆፈራል። ብሬከሩ ራሱ ርካሽ ነው፤ ዋጋውን የሚያንረው መንገዱ ነው።

አራተኛው የፓነሉ አቅም ነው። በሩን ክፈቱና ላይኛው ትልቅ ብሬከር ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 100፣ 150 ወይም 200 ይላል። ከዚያ ባዶ ቦታ ቁጠሩ፤ አንድ የ240 ብሬከር ሁለት ቦታ ይወስዳል። በሩን ብቻ ነው የምትከፍቱት፤ የብረት ሽፋኑን በካቻቪቴ አትፍቱት። ከጀርባው ያለው ዋና ሽቦ ብሬከሩ ቢጠፋም አይጠፋም።

የመጨረሻው፣ ቤቱ የማን ነው? እስከ መቼስ ትኖሩበታላችሁ? ተከራይ ከሆናችሁ ግድግዳ ውስጥ የሚቀረው ሽቦ ለአከራያችሁ የሰጣችሁት ስጦታ ነው።

የ100 አምፔር ቤት ይችላል ወይስ አይችልም?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ትልቁ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። ብዙ ኤሌክትሪሺያን 100 አምፔር ሲያይ «መቀየር አለበት» ይላል። አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። የሚወስነው የጭነት ስሌት ነው። ብሔራዊው የኤሌክትሪክ ኮድ ለመኖሪያ ቤት የሚፈቅደው ቀለል ያለ ስሌት አለ፤ በወረቀት ይሠራል።

2,000 ስኩዌር ፉት ቤት እንውሰድ። ለእያንዳንዱ ስኩዌር ፉት 3 ዋት ይያዛል፣ 6,000። ለወጥ ቤት ሁለት መስመሮች 3,000። ለልብስ ማጠቢያው መስመር 1,500። የኤሌክትሪክ ምድጃ 8,000፣ ልብስ ማድረቂያ 5,000፣ እቃ ማጠቢያ 1,200። ውሃ ማሞቂያው በጋዝ ነው እንበል። ድምሩ 24,700 ዋት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይበራ የመጀመሪያው 10,000 ሙሉ ይቆጠራል፣ ከዚያ በላይ ያለው 14,700 ግን 40 በመቶው ብቻ። 15,880 ይመጣል። ኤሲው 4,000 ከሆነ ሙሉውን ይደመራል፣ 19,880። ለ240 ሲካፈል 83 አምፔር ገደማ።

አሁን ወርክሾፑን ጨምሩ። ኮምፕሬሰር 5,300፣ ብየዳ 7,000። የሁለቱ 40 በመቶ 4,920 ነው። ቤቱ ወደ 103 አምፔር ደረሰ። ከ100 አለፈ፤ ኤሌክትሪሺያኑ ልክ ነበር።

ግን ምድጃው በጋዝ የሚሠራ ቢሆንስ? የምድጃው 8,000 ይወጣል። ያው ቤት፣ ያው ኮምፕሬሰር፣ ያው ብየዳ፤ ውጤቱ 90 አምፔር ነው። ይችላል። በአንድ ምድጃ ምክንያት የሺዎች ዶላር ልዩነት ማለት ነው። ስለዚህ «ፓነል ይቀየር» የሚላችሁን ሰው አንድ ነገር ጠይቁት፤ ስሌቱን በጽሑፍ ያሳያችሁ። ሳይሰላ የሚናገር ከሆነ ሌላ ሰው ጥሩ።

አማራጭ አንድ፦ በ120 መቆየት

ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ በዚህ ይሠራል። ለብቻው የተዘረጋ ባለ 20 አምፔር መስመር ካለ ባለ 1.5 ፈረስ ጉልበት መጋዝ፣ ትንሽ ኮምፕሬሰርና ቀጭን ብረት የሚበይድ ማሽን ያስኬዳል። ከሌለ አንድ ማስገባት ከ250 እስከ 800 ዶላር ይፈጃል። የሚያበላሸው ቀጭን ኤክስቴንሽን ነው። 50 ፉት የመብራት ገመድ ላይ መጋዝ ስትሰኩ ሞተሩ ኃይል ያጣል፣ ይግላል፣ እድሜው ያጥራል። 12 ቁጥር ወፍራም ገመድ ግዙ (የሽቦ ቁጥር ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል)፤ እሱም ባጠረ ቁጥር ይሻላል።

አማራጭ ሁለት፦ የልብስ ማድረቂያውን ሶኬት መዋስ

ማድረቂያው ጋራዡ ውስጥ ወይም ከጀርባው ባለው ክፍል ካለ 240 ቮልት በ30 አምፔር ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። 10 ቁጥር ሽቦ ያለው ገመድና ትክክለኛው ፕላግ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ማድረቂያውንና ማሽኑን በተራ የሚያበራ አከፋፋይ መሣሪያም ይሸጣል። ወጪው ከገመዱ ዋጋ ጀምሮ እስከ 400 ዶላር ገደማ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ከ1996 በፊት በተሠሩ ቤቶች የማድረቂያው ሶኬት ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው፤ የራሱ የግራውንድ ሽቦ፣ ማለትም ብልሽት ሲኖር ከንዝረት የሚጠብቀው ሽቦ፣ የለውም። የብረት አካል ላለው ማሽን ይህ አይመችም። ሁለተኛ፣ ባለ 50 አምፔር ብየዳ በ30 አምፔር ሶኬት ላይ ሰክቶ ብሬከሩን በ50 መቀየር እሳት መጥራት ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ማሽኑን አይደለም።

አማራጭ ሦስት፦ ለብቻው የተዘረጋ አንድ የ240 መስመር

ከፓነሉ ተነስቶ አንድ ሶኬት ላይ የሚያልቅ መስመር ነው። ፓነሉ ጋራዡ ውስጥ ከሆነ ከ300 እስከ 800 ዶላር፣ ቤቱን አቋርጦ የሚመጣ ከሆነ ከ800 እስከ 2,000 ዶላር ይገመታል። 30 አምፔር በ10 ቁጥር የመዳብ ሽቦ ይሠራል፣ 50 ደግሞ 6 ቁጥር ይፈልጋል። የወፍራሙ ዋጋ ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። በ10 ፉት አይሰማም፤ በ70 ፉት ግን ይሰማል።

እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። ኮዱ ለብየዳ ማሽን ብቻ በተዘረጋ መስመር ላይ ከብሬከሩ የቀጠነ ሽቦ ይፈቅዳል። ብየዳ እየቆመ ስለሚሠራ ሽቦው ለመቀዝቀዝ ጊዜ ያገኛል። ለብየዳው ችግር የለውም። ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ሶኬት የመኪና ቻርጀር ቢሰካበትስ? ቻርጀር ለስምንት ሰዓት ሳያቋርጥ ይስባል። ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሊነድድ ይችላል። ስለዚህ 50 አምፔር ስትሉ «6 ቁጥር ሽቦ ይሁን» ብላችሁ አስጽፉ። ለቻርጀር ከሆነ ሶኬቱም ከ10 እስከ 15 ዶላር የሚሸጠው ቀላሉ አይሁን። ጠንካራው 50 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው፤ ያዋጣል።

በ2020 የወጣው ብሔራዊ ኮድ የጋራዥ የ240 ሶኬቶችንም ጂ.ኤፍ.ሲ.አይ. በሚባለው ሰውን ከኤሌክትሪክ ንዝረት በሚጠብቀው መከላከያ ውስጥ አስገብቷል። ስቴታችሁ ይህን ከተቀበለ በተራው ብሬከር ፋንታ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ብሬከር ይመጣል። ኢስቲሜቱ ላይ ስታዩት ተጭበረበርኩ አትበሉ።

አማራጭ አራት፦ ጋራዡ ውስጥ ሰብፓነል

ከዋናው ፓነል አንድ ወፍራም መስመር ይመጣል፣ ጋራዡ ውስጥ ትንሽ ፓነል ይሰቀላል፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ያህል መስመር ታወጣላችሁ። ከቤቱ ጋር ለተያያዘ ጋራዥ ከ1,200 እስከ 3,500 ዶላር ነው።

እኔ ወርክሾፕ በእርግጥ ለሚሠራ ሰው የምመርጠው ይሄን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ድራይዎል የሚቀደደው አንዴ ነው። ዛሬ አንድ መስመር፣ ከዓመት በኋላ ሌላ መስመር የሚያስዘረጋ ሰው የሠራተኛውን ጉልበት ሁለቴ ይከፍላል። ሰብፓነል ካለ ግን ቀጣዩ መስመር ጥቂት ፉት ሽቦና አንድ ብሬከር ብቻ ነው።

60 አምፔር ለብቻው ለሚሠራ ሰው ይበቃል። ብየዳም ሆነ መጋዝ ከሰጋቱራ መምጠጫው ጋር፣ መብራቱ ተጨምሮ ይሄዳል። ቻርጀርና ማሞቂያ ካሉበት 100 አስቡ። ገንዘብ ካጠረ የሣጥኑ የዋጋ ልዩነት ትንሽ ስለሆነ የ100 አምፔር ሣጥን አስገዝቶ በ60 መመገብም ይቻላል። መንገዱ ረጅም ከሆነ ስለ አሉሚኒየም ሽቦ ጠይቁ። ከመዳብ በብዙ ይረክሳል፤ ውፍረቱና ማሰሪያው ልክ ከሆነ ነውር የለውም።

ሰብፓነል ላይ የሚሠራ የታወቀ ስህተት አለ። ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦና ግራውንድ ዋናው ፓነል ላይ ይገናኛሉ፤ ሰብፓነል ላይ ግን መለያየት አለባቸው። ከዋናው የሚመጣው ሽቦ አራት ነው፣ ሦስት አይደለም። «እኔ እሠራዋለሁ» የሚል ዘመድ ካላችሁ ይህን ጠይቁት። ከተንተባተበ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት።

ጋራዡ ተነጥሎ የቆመ ከሆነ የቁፋሮ ወጪ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ከ2,500 እስከ 6,000 ዶላርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። በፕላስቲክ ቱቦ የሚገባ ሽቦ 18 ኢንች፣ ያለ ቱቦ የሚቀበር ደግሞ 24 ኢንች ጥልቀት ይፈልጋል። ጋራዡ የራሱ የመሬት ዘንግም ያስፈልገዋል። ቁፋሮውን ራሳችሁ ብትሠሩ ብዙ ትቆጥባላችሁ። አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት ግን 811 ደውሉ። የጋዝና የውሃ መስመር የት እንዳለ በነፃ ምልክት ያደርጉላችኋል።

አማራጭ አምስት፦ ዋናውን ወደ 200 አምፔር ማሳደግ

ከ2,000 እስከ 5,000 ዶላር ነው፤ የመንገዱ ሽቦ ከመሬት በታች ከሆነ ከዚያም ያልፋል። የመብራት ኩባንያው ራሱ መጥቶ መስመሩን ማጥፋትና መመለስ ስላለበት ቀጠሮ ይጠበቃል። ይህ ብቻውን ጋራዡ ውስጥ አንድ ሶኬት አያስገባም፤ የጋራዡ መስመር ለብቻው ይከፈልበታል።

መቼ ያዋጣል? ስሌቱ ከ100 ሲያልፍ። ወይም ፓነሉ በራሱ መቀየር ሲኖርበት። ፌደራል ፓሲፊክ ወይም ዚንስኮ የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ወርክሾፑን ተዉትና መጀመሪያ እሱን አስቀይሩ። ብሬከሮቻቸው መጥፋት ሲገባቸው ባለመጥፋት ይታወቃሉ።

በነገራችን ላይ የቆዩ ጽሑፎች ለፓነል ለውጥ እስከ 600 ዶላር የፌደራል ታክስ ቅናሽ አለ ይላሉ። ያ ቅናሽ በ2025 ማብቂያ ላይ ቆሟል።

| አማራጭ | ግምታዊ ወጪ በዶላር | ምን ያስኬዳል | ድክመቱ |
|---|---|---|---|
| 120 ቮልት፣ 20 አምፔር | 250–800 | ትንሽ መጋዝ፣ ቀላል ብየዳ | ትልቅ ማሽን አይችልም |
| የማድረቂያ ሶኬት | እስከ 400 | አንድ ባለ 30 አምፔር ማሽን | ከማድረቂያው ጋር በተራ |
| አንድ የ240 መስመር | 300–2,000 | አንድ ትልቅ ማሽን ወይም ቻርጀር | ለሁለተኛው ማሽን እንደገና ወጪ |
| ሰብፓነል፣ የተያያዘ ጋራዥ | 1,200–3,500 | ሙሉ ወርክሾፕ | ዋናው ፓነል አቅም ይፈልጋል |
| ሰብፓነል፣ የተነጠለ ጋራዥ | 2,500–6,000+ | ሙሉ ወርክሾፕ | ቁፋሮ |
| ወደ 200 አምፔር ማሳደግ | 2,000–5,000+ | የቤቱን አቅም ያሰፋል | የጋራዡ መስመር አይጨምርም |

ዋጋዎቹ ፈቃድ ባለው ሠራተኛ የሚያስወጡት የተለመደ ግምት ናቸው። እንደ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢና ሲያትል ባሉ ውድ ከተሞች ወደ ላይኛው ጫፍ አስቡ።

ለማን የቱ?

ተከራይ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ቤቱን የሚሸጥ ሰው ከአማራጭ አንድና ሁለት አይለፍ። ታውንሃውስ ውስጥ ያለና የታክሲ መኪናውን ማታ ብቻ የሚሞላ ሰው አንድ የ50 አምፔር መስመር ይበቃዋል፤ ቀን ላይ ያው ሶኬት ብየዳ ይሠራበታል፣ የፕላጉ ዓይነት ከተስማማ። ቅዳሜና እሁድ የጓደኞቹን መኪና የሚጠግን፣ ሊፍትና ኮምፕሬሰር ያለው ሰው ግን ወደ ሰብፓነል ይሂድ። ርካሽ ያገለገለ የፋብሪካ ማሽን አይታችሁ ከጓጓችሁ ሰሌዳው ላይ ሦስት ፌዝ የሚል እንዳይሆን። መኖሪያ ቤት በአብዛኛው ሦስት ፌዝ የለውም። በመቀየሪያ መሣሪያ ይነሳል፤ የመሣሪያውን ዋጋ ግን ከማሽኑ ዋጋ ላይ ደምሩት።

ማሽኑን ወደፊት አገር ቤት ለመላክ ያሰበም አለ። የ240ው ከ120ው ይሻለዋል። ግን እዚህ 60 ሄርዝ ነው፣ እዚያ 50። ተራ ሞተር በአንድ ስድስተኛ ይዘገያል፤ በደቂቃ 3,450 የሚዞረው ወደ 2,875 ይወርዳል። መጋዙ ዘገም ይላል፣ ለኮምፕሬሰርም አየሩ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፤ ሞተሩም ከወትሮው በላይ ሊግል ይችላል። ሰሌዳው ላይ 50/60 ከሚል ማሽን ጋር ምንም ጣጣ የለም፤ ዘመናዊ የኢንቨርተር ብየዳዎች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው።

ኢስቲሜት ስትቀበሉ ቢያንስ ከሦስት ሰው ይሁን። የላይሰንስ ቁጥሩ፣ የሽቦው ቁጥርና ርዝመት፣ የብሬከሩ ዓይነት ይጻፍ። ፐርሚቱን ማን እንደሚያወጣ ጠይቁ። «ያለ ፐርሚት ልቀንስልህ» የሚል የአገር ልጅ አይጠፋም። ቅናሹ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። እሳት ቢነሳ ግን ኢንሹራንሱ ክርክር ያነሳል፣ ቤቱን ስትሸጡም ገዢው የላከው ተቆጣጣሪ ያገኘዋል። ብዙ ቦታ የቤት ባለቤት በራሱ ስም ፐርሚት አውጥቶ በሚኖርበት ቤት ላይ መሥራት ይፈቀድለታል፤ ደንቡ እንደየካውንቲው ስለሚለያይ ደውሎ መጠየቅ ነው። የተቀደደውን ድራይዎል ማን እንደሚጠግንም አስጽፉ። አብዛኛው ኤሌክትሪሺያን ቀዳዳውን ትቶ ነው የሚሄደው፤ ጋራዡን ከቤቱ የሚለየው ግድግዳ ደግሞ እሳት መከላከያ ስለሆነ ቀዳዳው ሳይደፈን ኢንስፔክተሩ አያሳልፈውም።